የሃምሳ አለቃ ሉሲየን ታርዲፍ ሕይወትና «የለም» የተባለበት ቅጽ

ሃምሳ አለቃ ሉሲየን ታርዲፍ ባለፈው ማክሰኞ ረፋድ ላይ፣ በሃምሳ አራት ዓመታቸው፣ ወጥ ቤታቸው ውስጥ ወንበር ላይ እንደተቀመጡ ትንፋሽ አጥሯቸው ሞቱ። የገደላቸው ጥይት አይደለም። ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት በኢራቅ በነበረ የጦር ሰፈር ውስጥ፣ የሰፈሩን ቆሻሻ ለማስወገድ ከጦሩ ጋር የተዋዋለ ኩባንያ በክፍት ጉድጓድ ያነደደው እሳት ጭስ ነው። ይህን ያሉት ከሳንባቸው ቁራጭ ወስደው የመረመሩት ሐኪም ናቸው፤ ኩባንያው ግን እስከ ዛሬ አላመነም። ቤተሰቡ ይህን ጽሑፍ ዛሬ በዚህ ቤተ ክርስቲያን እንዲያነብ የመረጠው ታናሽ ወንድማቸውን ሬሚን ስለሆነ፣ «ታናሽ ወንድማቸው» በተባለ ቁጥር የሚያነበው ሰው ስለ ራሱ እየተናገረ መሆኑን ሐዘንተኛው ይወቅለት።

ሉሲየን እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1962 በዚችው በግሬይ ሆሎው ከተማ፣ በቨርሞንት ግዛት፣ ከአባታቸው ከአቶ ኦሬል ታርዲፍና ከእናታቸው ከወይዘሮ አኔት ጋኞን ተወለዱ። አባታቸው እንደ አብዛኛው የከተማው ወንድ የመቃብር ድንጋይ ጠራቢ ነበሩ። በዚያ ዘመን በጠረባ ቤቱ ጣሪያ ላይ አቧራ የሚስብ ማሽን ተተክሎ ነበር፤ ተቆጣጣሪ ሲመጣ ይከፈታል፣ ተቆጣጣሪው መኪናውን አስነሥቶ ሲሄድ ይዘጋል። አባታቸው ጠዋት ጠዋት ወደ ሥራ ከመሄዳቸው በፊት ወጥ ቤት ውስጥ ቆመው ያስሉ ነበር፤ ሉሲየንም ከሳንቃው ግድግዳ ማዶ ተኝተው ሳሉን ይቆጥሩ ነበር። ቁጥሩ ከሃያ በታች ከሆነ አባትየው ወደ ሥራ ይሄዳሉ፤ ከሃያ ካለፈ ይቀራሉ። ቆጠራው ከሃያ ሲያልፍ ሉሲየን ብርድ ልብሱን በአፋቸው ነክሰው ይይዙ እንደነበር፣ በአንድ አልጋ አብሯቸው ይተኛ የነበረው ታናሽ ወንድማቸው ያስታውሳል። ሁለቱም ስለዚህ ነገር ለማንም አልተናገሩም፤ እርስ በርሳቸውም አልተነጋገሩም።

አባታቸው በ1978 በአርባ አራት ዓመታቸው ሲሞቱ ሉሲየን አሥራ ስድስት፣ ታናሽ ወንድማቸው አሥራ ሁለት ዓመታቸው ነበር። እናታቸው ከቀብሩ በኋላ ከአልጋ መነሣት ስላልቻሉ ሦስት ወር በሆስፒታል ቆዩ። ሉሲየን ትምህርታቸውን ትተው አባታቸው ይሠሩበት በነበረው ጠረባ ቤት ገቡ። በዚያ ክረምት ቤቱ የሚሞቀው የጓሮው አጥር እየተፈለጠ በሚነድ እንጨት ነበር። የዱር አራዊት ጠባቂው መኪና የገጨውን አጋዘን ለችግረኛ ቤቶች ያድል ስለነበር ሉሲየን ስማቸውን በዝርዝሩ ላይ አስመዘገቡ፤ ጎረቤት እንዳያይም የማገዶ ቤቱን በር ዘግተው ቆዳውን ይገፍፉ ነበር።

ስለ ቅጹ ጉዳይ ለመረዳት በዚያ ክረምት የሆነውን አንድ ነገር መናገር ያስፈልጋል። ወላጅ የሌላቸውን ልጆች የሚከታተል የመንግሥት መሥሪያ ቤት አንዲት ሴት ልኮ ነበር፤ ሴትዮዋም የጥያቄ ቅጽ ይዘው ሐሙስ ቀን እንደሚመጡ አስታወቁ። መልሱ መጥፎ ከሆነ ሁለቱ ወንድማማቾች ተለያይተው ለማያውቁት ቤተሰብ እንደሚሰጡ ከተማው ሁሉ ያውቅ ነበር። ረቡዕ ከሥራ መልስ ሉሲየን ታናሽ ወንድማቸውን ወንበር ላይ አስቀምጠው መከሩት።

«ስማኝ ሬሚ። ሴትዮዋ ምንም ትጠይቅህ ምን፣ የለም በል።»

«ይርብሃል ወይ ካለችኝስ?»

«የለም።»

«ቤቱ ይበርዳል ወይ ካለችኝስ?»

«የለም።»

«አባትህ የት ነው ካለችኝስ?»

«እሱንማ ታውቀዋለች፣ ቂል!»

ሐሙስ ሴትዮዋ መጡ፣ ጠየቁ፣ ሁሉም የለም ተባለ። ቅጹን አጥፈው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱና ሄዱ። ወንድማማቾቹ አልተለያዩም። ሉሲየን ከዚያ ቀን ጀምሮ ወረቀት ይዞ ለሚመጣ ሰው መልሱ ምን እንደሆነ አወቅሁ ብለው አመኑ፤ ለሃያ ሰባት ዓመትም አልተሳሳቱም።

በጠረባ ቤቱ መጀመሪያ ጠራጊ፣ ቀጥሎም ፊደል ቀራጭ ሆኑ። በመሮና በመዶሻ በእጅ የሚቀረጽ ፊደል ከማሽን ፊደል እንደሚለይ የሚያውቅ ሁሉ የእሳቸውን ሥራ ያውቃል፤ በተለይ የቁጥር ስምንት አቀራረጻቸው ከሩቅ ይለያል። በ1983 በግዛቱ ተጠባባቂ ጦር ውስጥ በወር አንድ ቅዳሜና እሑድ ለማገልገል ተመዘገቡ፤ ከአራት ዓመት በኋላ ታናሽ ወንድማቸው ተከተላቸው። በ1987 ወይዘሮ ኮሌት ሞሪንን በዚሁ ቤተ ክርስቲያን አግብተው ሲሞንንና ሉክን ወለዱ። የሜፕል ዛፍ ግንድ ጣፋጭ ውሃ በሚያፈስበት ወቅት ቤተሰቡን ሁሉ ይዘው ጫካ በመግባት ውሃውን አፍልተው ሽሮፕ ያወጡ ነበር። በእነዚያ ዓመታት ደስተኛ ነበሩ ማለት ይቻላል። ብቻ ቤት ውስጥ አንድ ሰው ካሳለ ዝም ብለው ጆሯቸውን ይጥሉ ነበር፤ ሲሞን ልጅ ሳለች ጉንፋን ሲይዛት ትራስ ውስጥ ታስል የነበረው አባቷ ሲቆጥሩ ስላየቻቸው ነው።

በ2005 መጀመሪያ ምድባቸው ለጦርነት ተጠራ። ከዚህ ከተማና ከአካባቢው ሠላሳ አንድ ሰው ነበር፤ አለቃቸው ሉሲየን፣ ከሠላሳዎቹ አንዱ ታናሽ ወንድማቸው፣ ሌላው ደግሞ የትምህርት ቤት ጓደኛቸውና የተማሪዎች አውቶቡስ ሹፌር የነበረው ሃዊ ፒዝ። የተሰጣቸው ሥራ የቆሻሻ ጉድጓዱን አጥር መጠበቅ ነበር። ጉድጓዱ የእግር ኳስ ሜዳ ያህል ይሰፋል። ኩባንያው ፕላስቲኩን፣ ባትሪውን፣ ጎማውን፣ የቀለሙን ቆርቆሮ፣ የሆስፒታሉንም ጥራጊ ሁሉ በአንድ ላይ ገልብጦ የአውሮፕላን ነዳጅ እያርከፈከፈ ያነደው ነበር። እሳቱ በአሥር ወር ውስጥ አንድ ቀን አልጠፋም። ነፋሱ ወደ ድንኳኖቹ ሲዞር አመዱ ነጭ ሆኖ ይዘንባል።

«ኧረ ሃምሳ አለቃ፣» ይል ነበር ሃዊ አመዱን ከቆቡ ላይ እያራገፈ፣ «እዚህም መጥተን በረዶ ልንዝቅ ነው እንዴ? እኔ እኮ አካፋዬን ቤት ትቼ ነው የመጣሁት።»

ከጉድጓዱ አጠገብ ሁለት ታላላቅ ሣጥኖች ነበሩ። ውስጣቸው ቆሻሻ ያለ ብዙ ጭስ የሚያቃጥሉ ምድጃዎች እንዳሉ በላያቸው ተጽፏል። ወታደሮቹ ጥላ ፍለጋ ሣጥኖቹን ተደግፈው ምሳቸውን ይበሉ ነበር። ሉሲየን አንድ ቀን የኩባንያውን ኃላፊ አስቁመው ጠየቁት።

«እነዚህ መቼ ነው የሚተከሉት?»

«አንድ ዕቃ ጎድሎ ነው። ሲመጣ ይተከላሉ።»

«መቼ ይመጣል?»

«አንተ አገርህ ከገባህ በኋላ። ምን አስጨነቀህ? ጭስ ነው እኮ፣ ትንኝ ያባርርልሃል።»

ሉሲየን ለመቶ አለቃቸው አመለከቱ፤ መቶ አለቃው ውሉ የእኛ አይደለም፣ የበላዮች ጉዳይ ነው አሏቸው። በስድስተኛው ወር ላይ ሉሲየን ጠዋት ሰው ሁሉ ሳይነሣ ድንኳኑ ውስጥ ተቀምጠው እንደ ልጅነታቸው መቁጠር ጀመሩ። አሁን የሚስለው አንድ ሰው አይደለም። ከአሥራ ሁለት አልጋዎች ከዘጠኙ ሳል ይመጣ ነበር፤ ቆጠራውም ሃያ ላይ ከመድረሱ በፊት ይደባለቅባቸው ነበር። ታናሽ ወንድማቸው ዐይኑን ጨፍኖ እንደተኛ ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ ይሰማ ነበር። እሱም ሳሉ መጥቶበት በትራሱ ያፍነው ነበር። ፈርተው ነበር። ሁለቱም የፈሩት አንድ ነገር ነው፤ ያን ጊዜም አልተነጋገሩም።

በኅዳር ወር ተመለሱ። ቤተሰቦቻቸው በከተማው ትምህርት ቤት የስፖርት አዳራሽ ባቄላና ዳቦ አሰናድተው፣ ልጆች ባንዲራ ይዘው ይጠብቁ ነበር፤ ወታደሮቹ ግን ሦስት ሰዓት በሚያስነዳ ሰፈር ውስጥ በአንድ አዳራሽ ተቀምጠው የጤና ቅጽ እንዲሞሉ ታዘዙ። ቅጹ ብዙ ጥያቄ ነበረው፤ ከጥያቄዎቹም አንዱ ከሚቃጠል ቆሻሻ ለሚወጣ ጭስ ተጋልጠው ነበር ወይ የሚል ነው። አንድ ቦታ ላይ እንኳ «አዎ» ያለ ሰው ለምርመራ ሦስት ሳምንት፣ ምናልባትም ከዚያ በላይ እንደሚቆይ ቅጹን ያደለው ጸሐፊ ነገራቸው። አውቶቡሱ ሞተሩን አስነሥቶ ውጭ ቆሟል። ሉሲየን አግዳሚ ወንበር ላይ ወጡ።

«ስሙኝ። ሚስቶቻችሁ ባቄላ ቀቅለው እየጠበቁ ነው። ከላይ እስከ ታች የለም በሉና እንሂድ።»

«ስለ ጭሱ የሚጠይቀውንም?» አለ ሃዊ ፒዝ።

«እሱንም።»

«ልብሴ ራሱ እኮ አሁንም ያጨሳል!»

«ልብስህን ማን ጠየቀው?»

አዳራሹ በሳቅ ሞላ። ሠላሳ አንዱም ከላይ እስከ ታች «የለም» ላይ ምልክት አድርገው ፈረሙ። ሉሲየን በዚያ ቀን የፈለጉት ሰዎቻቸውን ሳይለያዩ ቤታቸው ማድረስ ነው፤ በሌላ አነጋገር በ1978 ሐሙስ ዕለት ያደረጉትን መድገም ነው። ሰዎቻቸውን አደረሱ። ባቄላውም ትኩስ ነበር።

ሃዊ ፒዝ በ2008 አውቶቡሱ ላይ ሦስት ደረጃ መውጣት አቃተው። ሉሲየንም በማግሥቱ ዓመት መዶሻ እያነሡ መሃል ላይ ማረፍ ጀመሩ። ሌሎችም ተከተሉ። በ2010 ከሠላሳ አንዱ ሃያ ሁለቱ፣ ሉሲየንና ታናሽ ወንድማቸው ጭምር፣ በወይዘሮ ሩት ብሬነር ጠበቃነት ኩባንያውን በፌዴራል ፍርድ ቤት ከሰሱ። ክሳቸው አጭር ነበር፦ ኩባንያው አደገኛ መሆኑን እያወቀ አቃጠለ፣ ምድጃዎቹ አጠገቡ እያሉ አልተከላቸውም፣ አላስጠነቀቀንም የሚል። ሃዊ የፍርድ ቤቱን ደጃፍ ሳያይ በ2011 በአርባ ዘጠኝ ዓመቱ ሞተ። ባለቤቱ ወይዘሮ ኢዲት በስሙ ክሱን ቀጠሉ።

የኩባንያው ጠበቆች ድንጋይ ጠራቢ የነበሩትን ወታደሮች ሳንባ ያበላሸው የድንጋይ አቧራ ነው አሉ። ሐኪሞች ግን የድንጋይ አቧራ የሚተወው ጠባሳ ሌላ፣ ይህ ደግሞ ሌላ መሆኑን መሰከሩ፤ ሃዊም በዕድሜው ሙሉ መሮ ጨብጦ አያውቅም። ያን ጊዜ ጠበቆቹ ሠላሳ አንዱን ቅጽ አወጡ። ወታደሮቹን አንድ በአንድ በመሐላ አስቀምጠው ይህ ፊርማ የማን ነው፣ ያኔ ጭስ አልነበረም ብለህ ዛሬ ነበር የምትለው የትኛው ላይ ስትዋሽ ነው ብለው ጠየቁ። ወታደሮቹም፣ ማንም ሳያስማማቸው፣ አንድ ዓይነት መልስ ሰጡ፦ አላስታውስም። ያን አዳራሽ አላስታውስም፣ ማን ምን እንዳለ አላስታውስም። ታናሽ ወንድማቸውም በመሐላ አላስታውስም አለ።

ይህን ለሉሲየን የነገሯቸው ወይዘሮ ብሬነር ናቸው። ስልክ ደውለው፣ «አሥራ ስምንት ሰው ተጠየቀ፣ አሥራ ስምንቱም አንዱን ቀን ብቻ ረስቷል። እኔ ጅል አይደለሁም ሃምሳ አለቃ። ማንን ነው የሚሸሽጉት?» አሏቸው። ሉሲየን ስልኩን ዘጉት።

ከዚያ በኋላ ያሉት ወራት ፍርሃት የሞላባቸው ነበሩ። ወታደሮችን በመንግሥት ሰነድ ላይ እንዲዋሹ ያዘዘ አለቃ እስር ሊጠብቀው፣ ማዕረጉም ሊገፈፍ እንደሚችል ሰምተው ነበር። ደብዳቤ ሲመጣ ሳይከፍቱ ከዳቦ ማስቀመጫው ጀርባ ይከቱት ነበር፤ የማያውቁት መኪና ወደ ግቢው ሲታጠፍ ቆመው ከመጋረጃው ጀርባ ይመለከቱ ነበር። በዚያው ዓመት የደረታቸው ጎን ተቀድዶ ከሳንባቸው ቁራጭ ተወሰደ፤ ውጤቱ ምን እንደሆነ ሲነገራቸው ግን ያን ያህል አልደነገጡም። ወይዘሮ ኮሌት ባለቤቴን ያስፈራው ሞት አልነበረም ይላሉ።

የሃዊን የመቃብር ድንጋይ የቀረጹት ሉሲየን ነበሩ። ወይዘሮ ኢዲት ፒዝ አንድ ቀን በሥራ ሰዓት ጠረባ ቤቱ ድረስ መጡ። ሉሲየን የሃዊን ስም የመጨረሻ ፊደል እየጨረሱ፣ በዚያው የሚሠራው ታናሽ ወንድማቸውም ሦስት እርምጃ ርቆ ሌላ ድንጋይ እያለሰለሰ ነበር። ሴትዮዋ ቦርሳቸውን በሁለት እጃቸው እንደያዙ ቆሙ።

«ሉሲየን፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ ነው የመጣሁት። ጠበቃቸው ባልሽ የፈረመው ወረቀት ይኸው፣ ጭስ አላየሁም ይላል አለኝ። ልጆቼም ፊት አሳየኝ። ሃዊ ውሸታም ነበር እንዴ?»

ሉሲየን መሮውን አስቀምጠው ሌላ መሮ አነሡ፤ እሱንም አስቀመጡት። ወይዘሮ ኢዲት ትንሽ ጠብቀው፣ «ይቅርታ፣ ሥራ አስፈታሁህ» ብለው ሄዱ። ሉሲየን የዚያን ቀን ሌላ ፊደል አልቀረጹም።

በመጋቢት 2013 ተራቸው ደርሶ ለምስክርነት ሲጠሩ መኪናውን የነዳው ታናሽ ወንድማቸው ነው። መንገዱ አንድ ሰዓት ተኩል ይወስዳል። 

«አላስታውስም በል፣» አለ ሬሚ፣ «ሁላችንም ብለናል። በቃ፣ ያልቃል።»

«አንተም ብለሃል?»

«ብያለሁ።»

«ታስታውሳለህ ግን።»

«እንዴት አላስታውስ? አግዳሚው ላይ ስትወጣ ጫማህ ፊቴ ላይ ነበር እኮ።»

ሉሲየን በመስኮቱ ወደ በረዶው አዩ። «ይሄ ነው የሚያስፈራኝ፣» አሉ። «ያስተማርኩህ እኔ ነኝ።»

ሬሚ ሌላ ነገር ተናግሮ ነበር፤ እዚህ አይነበብም። ወንድሙን ሊያስቀረው ሞክሮ ነበር ማለት ይበቃል።

ሉሲየን የመሰከሩት ስድስት ሰዎች በተቀመጡበት ክፍል ውስጥ፣ የጸሐፊዋ ማሽን ቃላቸውን እየጻፈ ነው። እጃቸውን ከጠረጴዛው ሥር በጉልበታቸው መሃል ያዙት። የኩባንያው ጠበቃ ቅጹን ሲያሳያቸው አላነበቡትም።

«ይህን ቅጽ ያስሞላሁት እኔ ነኝ፣» አሉ። «አግዳሚ ላይ ቆሜ ከላይ እስከ ታች የለም በሉ አልኳቸው። ሃዊ ፒዝ ስለ ጭሱስ ብሎ ጠየቀኝ። እሱንም አልኩት። ሃዊ አልዋሸም፤ ታዘዘ።»

«እንግዲህ ወታደሮችዎ በመንግሥት ሰነድ ላይ ሐሰት እንዲጽፉ አዝዣለሁ እያሉ ነው?»

«አዎ።»

«ያኔ ከዋሹ ዛሬስ ለምን እንመንዎት?»

«አትመኑኝ። ከሳንባዬ የተቆረጠው ቁራጭ ሆስፒታል ነው ያለው፤ ቅጽ ሞልቶ አያውቅም። እሱን እመኑት።»

አራት ሰዓት ጠየቋቸው፤ የሃዊን ቀልድና የአዳራሹን ሳቅ ሳይቀር ተናገሩ። ሲወጡ በደረጃው ላይ ሁለት ጊዜ ተቀመጡ።

በሚቀጥሉት ሳምንታት አላስታውስም ያሉት ወታደሮች አንድ በአንድ ወደ ወይዘሮ ብሬነር ቢሮ እየሄዱ ቃላቸውን በመሐላ አረሙ። አሥራ ሰባት ሰዎች አረሙ። አሥራ ስምንተኛው ታናሽ ወንድማቸው ነበር፤ እሱ አልሄደም። ምክንያቱን ማንም አልጠየቀውም፣ ሉሲየንም ጭምር። ዛሬ ይነገር፦ ቃሉን ካረመ ወይዘሮ ብሬነር ለምርመራ እንደሚልኩትና ሐኪም ደረቱን እንደሚያዳምጥ ያውቅ ነበር፤ ሐኪሙ የሚለውን መስማት ፈራ። ያን አዳራሽ ያስታውሳል። ሁሉንም ያስታውሳል።

ሉሲየን የሚያስራቸውን ሰው ሁለት ዓመት ጠበቁ። ማንም አልመጣም። ጦሩ አንድ ደብዳቤ እንኳ አልጻፈላቸውም፤ ከዳቦ ማስቀመጫው ጀርባ የተከማቹት ፖስታዎች ሲከፈቱ አብዛኞቹ የዘር ሻጭ ማስታወቂያ ነበሩ። ክሱ ግን በ2014 ወደቀ። ዳኛው ኩባንያው በጦርነት ቀጠና በጦሩ ሥር ሲሠራ ስለነበረ ነገሩን ፍርድ ቤት ሊመረምረው አይችልም አሉ፤ ይግባኝ ሰሚውም በማግሥቱ ዓመት አጸናው። ስለ ምድጃዎቹ፣ ስለ ጉድጓዱ፣ ስለ ሳንባው ማንም ፍርድ አልሰጠም። ሉሲየን ዜናውን በስልክ ሲሰሙ «እሺ» ብለው ወደ ሥራቸው ተመለሱ። በዚያ መኸር በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ በተዘጋጀው የባቄላ እራት ላይ ወይዘሮ ኢዲት ፒዝ ሳህን ሞልተው ፊታቸው አስቀመጡና አጠገባቸው ተቀመጡ።

«የተናገርከውን ገጽ ከብሬነር ወስጄ ለልጆቼ አነበብኩላቸው፣» አሏቸው። «ልብሴ ራሱ እኮ አሁንም ያጨሳል ያለው ጋ ስደርስ ሳቁ። አባታቸውን በድምፁ ነው ያስታወሱት። ብላ እንጂ፣ ይቀዘቅዝብሃል።»

ሉሲየን ሳህኑን ጨረሱ። በዚያ ወቅት ምግብ መጨረስ ለእሳቸው ከባድ ሥራ ነበር፤ በጉርሻና በጉርሻ መሃል ትንፋሽ ይጠብቁ ነበርና።

የመጨረሻዎቹን ሁለት ዓመታት በኦክስጅን ኖሩ። መጀመሪያ ጫካውን፣ ቀጥሎ የጠረባ ቤቱን ደረጃ፣ በመጨረሻም የራሳቸውን መኝታ ቤት ደረጃ ተዉ። አልፈራም አላሉም። ጠዋት ሳላቸው ሲመጣ እጃቸው የወንበሩን ክንድ ይጨብጣል፣ ከንፈራቸውም ይንቀሳቀሳል፤ የራሳቸውን ይቆጥሩ ነበር። ባለፈው ነሐሴ፣ ጉልበት ሳያልቅባቸው፣ የራሳቸውን ድንጋይ በጠረባ ቤቱ ተቀምጠው በሦስት ሳምንት ቀረጹ። ስማቸውንና የልደት ዓመታቸውን ጨርሰው ቀጥሎ ያለውን ቦታ ባዶ ተዉት።

ከመሞታቸው ዐሥር ቀን አስቀድሞ ታናሽ ወንድማቸውን ጠርተው የቀድሞ ወታደሮች የሳንባ ምርመራ ቅጽ ሰጡት። ስሙን፣ የተወለደበትን ቀን፣ የምድቡን ቁጥር በዚያ በሚታወቅ የፊደል ቀራጭ እጃቸው ሞልተውታል። ጥያቄዎቹን አልነኳቸውም። «እኔ ልሞላልህ አልችልም፣» አሉት። «አንድ ጊዜ ሞላሁልህ፣ ይበቃል።» ሬሚ ቅጹን አጥፎ ኪሱ ከተተው። አሁንም ኪሱ ውስጥ ነው። ዛሬ ጠዋት ወደዚህ ከመምጣቱ በፊት ወጥ ቤት ቆሞ ሲያስል ቆጠረ፤ ሃያ ሦስት ነበር። ከዚያ በኋላ ቅጹን አውጥቶ አንዱን ጥያቄ መለሰ፤ አዎ አለ። ሌሎቹን ከቀብሩ ሥርዓት በኋላ ይመልሳል።

መሬቱ በበረዶ ስለ ጠጠረና ስለማይቆፈር፣ እንደ ከተማችን ልማድ፣ አስከሬናቸው እስከ ግንቦት በመቃብር ስፍራው የድንጋይ ክፍል ይቆያል። በግንቦት ከአባታቸውና ከእናታቸው አጠገብ፣ ከሃዊ ፒዝ አራት መቃብር ዝቅ ብሎ ያርፋሉ። በምድር ላይ የጠበባቸውን ትንፋሽ እግዚአብሔር በመንግሥቱ ያስፋላቸው፤ ለሰዎቻቸው ሲሉ የተናገሩትን ሐሰትም ለሰዎቻቸው ሲሉ የተናገሩትንም እውነት በምሕረቱ ይመልከትላቸው፤ ነፍሳቸውም ከጭስ ርቃ ታርፍ ዘንድ እጁ ይቀበላት።

ባለቤታቸው ወይዘሮ ኮሌት፣ ልጆቻቸው ሲሞንና ሉክ፣ የሲሞን ልጅ ኤሎዲ አሉ። አብረዋቸው ከዘመቱት፣ ሉሲየንን ጨምሮ ስድስት ሞተዋል፤ አንዱ በመኪና አደጋ ነው። ሃያ አምስት ቀርተዋል፣ አሥራ አራቱ በዚህ ቤተ ክርስቲያን ተቀምጠዋል። በድንጋዩ ላይ የቀረውን ዓመት የሚቀርጸው ሬሚ ነው። በጠረባ ቤቱ ውስጥ በእጅ ፊደል የሚቀርጽ ሌላ ሰው አልቀረም።